ውሃ ያልወሰደው ካሴት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች፤ ልጄም አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን፣ ከጎረቤት ተኳርፌ የሰነበትኩበትን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህን አንዱን አስቀርቼ እነሣ ነበር። እሳቸው "ሌላስ የቀረ አለ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባ" እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት መስቀላቸውን ተሳለምኩ?

ባለቤቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የምጽፈው በቀን ትንሽ ትንሽ ነው፤ ሁለት መስመር ጽፌ ሦስት የምሰርዝበት ቀን አለ። እንዲቀለኝ ብዬም አይደለም። በሕይወት ሳለ ያልነገርኩትን ከሞተ በኋላ ብናገር ማንን ይጠቅማል? ግን ሰዎች ቤቴ መጥተው "የመምህር ሰይፉን ካሴት ያ ውሃ ባይወስደው ኖሮ" እያሉ ሲያዝኑልኝ ከእንግዲህ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። ካሴቱን ውሃ አልወሰደውም። እኔ ነኝ። እኔ አጠፋሁት፤ አጥፍቼ በውሃ አመካኘሁ፤ አመካኝቼም ጥፋቱን በእሱ ትከሻ ላይ ጫንኩ።

ሰይፉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በወጣትነቱ "ክፍል ሰባት" በሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ስሙን ያወጡት አንድ ሆቴል ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ ይለማመዱ ስለነበር ነው። የሚጫወቱት ሮክ የሚሉትን ዓይነት፣ ጊታሩ የሚጮህበትን ሙዚቃ ነው፤ ግጥሙ ግን አማርኛ። እሱ አብሯቸው የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁለት ዘፈን ደረሰ፤ ሁለቱም ተቀዱ። ከዚያ ዘመኑ ከፋ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የምሽት ሥራ ቀረ፤ እሱም መምህርነት ተምሮ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። ባንዱ ሰው እየቀያየረ ቀጠለ። የሁለቱ ዘፈኖች ዋናው ሪል፣ መጀመሪያ የተቀዱበት ትልቁ ጥቅል ክር፣ የት እንደገባ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ከሪሉ በቀጥታ የተቀዳ አንድ ካሴት ብቻ ቀረ፤ ክሩ አጭር ስለሆነ አንደኛው ዘፈን አንዱን ገጽ፣ ሁለተኛው ሌላውን ይሞላል። ያ ካሴት የነበረው በሰይፉ እጅ ነው።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ለማስተማር ተመድቦ ቁሐር ሚካኤል የምትባል የገጠር ቀበሌ መጣ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ወረታ ተምሬ ተመልሼ ታች ያሉትን ክፍሎች አስተምር ነበር። ተጋባን። ይዞት የመጣው ዕቃ መጻሕፍት፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ካሴት ነበር። ያን አንዱን ካሴት ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሎታል። በስሕተት እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሯቸዋል። ክሩ እንዳያልቅ ብሎ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የሚከፍተው።

ስንት ጊዜ ከፍቶ አስረዳን! ቤዝ ማለት ከሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ነው ይለናል። የቤታችን ቴፕ ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። ወንድሜ አያሌው ገበሬ ነው፤ ሩዝና ከብት እንጂ ሙዚቃ አያውቅም። ግን መጥቶ ጆሮውን ቴፑ ላይ ይደቅን ነበር።

"እና የርስዎ የትኛው ነው መምህር?"

"ያ ከሥር የሚሄደው።"

"ከሥርማ ድንጋዩ አልቆ ነው የሚያቃስተው።"

ሰይፉ እስኪያነባ ይስቃል። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ኋላ ያሰብኩትን እንድትፈርዱበት ነው።

አያሌው ሩዙ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው በወባ ሞተ። አምስት ቀን ነው የታመመው። በቀብሩ ቀን አገሩ ሁሉ ሲያለቅስ ሰይፉ ከሰው ዳር ጃንጥላውን ይዞ ቆሞ ነበር። ደረቱን አልመታም፤ አልጮኸም፤ ዓይኑ ደረቅ ነበር። የእኛ ሰው ይህን ያያል። አንዷ አክስቴ በጆሮዬ "ያንቺ ሰውዬስ ምነው እንግዳ ሆነ?" አለችኝ። ውስጤ ገባ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ቤት ዕቃ ልወስድ ወደ ቤቴ ብመለስ ሰይፉን ቴፑ አጠገብ አገኘሁት። ያን ካሴት ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ቴፑ ላይ አስደግፎ ያለቅሳል። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። አላየኝም። ወጣሁ።

ለወንድሜ ያላፈሰሰውን እንባ ለዘፈን አፈሰሰው አልኩ። ለገዛ ወጣትነቱ፣ ለዚያ ሆቴል፣ ለእነዚያ ጓደኞቹ ነው የሚያለቅሰው አልኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያለቀሰው "የርስዎ የትኛው ነው" እያለ ለሚጠይቀው ሰው ቢሆንስ? ደብቆ ማልቀስ የለመደ ሰው ቢሆንስ? አልጠየቅኩትም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም አልጠየቅኩትም።

በሦስተኛው ቀን ለሣልስቱ ከማዶ አንዲት አልቃሽ መጣች። የሷን ሙሾ ሩቅ ላሉት ዘመዶቻችን በካሴት ቀድቶ መላክ በዚያ ጊዜ የተለመደ ነበር። ቴፑን ላመጣ ሄድኩ፤ ባዶ ካሴት አልነበረንም። እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው "ታዲያ ቸግሮሽ ነው" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ከሬዲዮ የተቀዱ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ሦስት አራት ካሴቶች ነበሩ። እጄ እነሱን ነክቷል። ነክቼ ተውኳቸው። በጨርቅ የተጠቀለለውን ፈታሁ። የተሰበሩትን ሁለት ቦታዎች በወረቀት ጠቀጠቅኋቸው፤ ወረቀቱ አልገባ ሲለኝ በምራቄ አርሼ ጠቀጠቅኩት። ለምን እንደሰበራቸው አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አደረግኩት። ከዚያ ወደ ለቅሶው ወስጄ አልቃሿ እግር ሥር አስቀምጬ ከፈትኩት። የወንድሜን በሬዎች በስማቸው እየጠራች፣ ያላጨደውን ሩዝ እያነሣች አንዱን ገጽ ሙሉ አለቀሰችው፤ ገለበጥኩት፤ ሁለተኛውንም ወደ መጨረሻው አደረሰችው። እኔ እያለቀስኩ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ደስ ይለኝ ነበር።

ስሙ የተጻፈው በሽፋኑ ላይ እንጂ በካሴቱ ላይ አልነበረም። ሽፋኑ ውስጥ ከሬዲዮ ከተቀዱት አንዱን ከትቼ በጨርቁ ጠቀለልኩት። የሙሾውን ካሴት በተራ ሽፋን አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ መለስኩት፤ ለዘመዶቻችንም ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልልከው ቀረሁ። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋጤው መጣ። ከፍቶ ቢሰማስ? ግን ሰይፉ ራሱ አዳነኝ። "ዓመቱ ሳይወጣ በዚህ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም" አለ። ማንም አላዘዘውም። የአገሬን ሐዘን አክብሮ፣ እኔን አክብሮ ነው። እኔ በእሱ አክብሮት ውስጥ ተደበቅኩ።

ደብዳቤው የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። የጻፈው አበራ ነው፤ የባንዱ መሪ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ሰው። "ክፍል ሰባት" ከተመሠረተ ጀምሮ የተጫወተውን ሁሉ በአንድ ላይ ሊያወጡት ነው። የድሮ ቅጂዎች ወደ ውጭ አገር ሄደው በመሣሪያ ይጸዳሉ፤ ሽው የሚለው ድምፅ ይወገዳል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ተለይቶ ይሰማል። የጎደለው የሰይፉ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው። ካሴቱ ካለህ አምጣልን ይላል።

ሰይፉን እንደዚያ ቀን ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበልኝ። የዘፈኑ መታተም ነው ያስደሰተው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የነገረኝ።

"ስሚኝ ሙሉ፣ ቅጂ ከቅጂ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚጠፋው ከሥር ያለው ነው። ዘፋኙ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ጊታሩም ይሰማል። እኔ ነኝ የምጠፋው። ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የድሮውን እንደገና ለምን ይገዛል ትያለሽ? ያኔ ያልሰማው ነገር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ተለይቼ መሰማት ነው የምፈልገው። ከዚያ ቢፈልጉ ይጣሉት።"

ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ካሴቱን ራሱ ይዞ በነሐሴ ሊሄድ ወሰነ። በጉዞ እንዳይጎዳ ብሎ አልነካውም፤ ስለ ሐዘኑም ብሎ ሞክሮ እንኳ አላየውም። ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። ቢቆጣ ይቆጣ ነበር፤ ቢጮህ ይጮህ ነበር። ይመታኝ ነበር? እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ታዲያ ምን ፈራሁ? የፈራሁት ፊቱን ነው። "ሌሎቹ ካሴቶች እያሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ የሚኖረውን ፊት። ስለዚህ በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት።

ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ጠዋት ነው የገባው፤ ግቢው ውስጥ ቡኒ ሆኖ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ። ውሃ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እህሉን፣ አልባሳቱን፣ መጻሕፍቱን ወደ ቆጡ ማውጣት ጀመርን። መሃል ላይ ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ልጆቻቸው ገበያ ሄደው ብቻቸውን መሆናቸው ታሰበውና ሰይፉ እሳቸውን ሊያወጣ ሮጠ። አዝሎ ነው ያወጣቸው። የቆርቆሮው ሣጥን መሬት ላይ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሁለት እጅ ነበረኝ። ውሃው ሥሩ ሲደርስ፣ ክዳኑ ሲነካ ቆሜ አየሁት። አንድ ነገር ብቻ ከውስጡ አወጣሁ፤ የሙሾውን ካሴት። እሱን ከነጠላዬ ጋር ቆጡ ላይ ደበቅኩ። ክዳኑን ሳልከድን ሣጥኑን ተውኩት።

ውሃው ሲጎድል ሣጥኑ ጭቃ ሞልቶ ተገኘ። ሰይፉ ጨርቁን ፈትቶ ጭቃ የበላውን ካሴት በሁለት መዳፉ ይዞ ተቀመጠ። ከሬዲዮ የተቀዳ ዜና ነበር የያዘው። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ ኃጢአቴ ግማሽ ይሆን ነበር። ዝም አላልኩም።

"ሣጥኑን አንሣው ብዬህ ነበር እኮ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "መቼ?"

"ወደ እማማ ጥሩ ስትሮጥ። ጮኼ ነው የነገርኩህ።"

ሊያስታውስ ሲሞክር አየሁት። ከዚያ "አልሰማሁሽም" አለ። "ይሆናል፣ ብለሽኝ ይሆናል። አልሰማሁሽም።"

በዚህች ቃል የራሴን ሥራ አንሥቼ ለእሱ አሸከምኩት፤ እሱም ሳይጠራጠር ተሸከመው። የሙሾውም ካሴት እዚያው ውስጥ ነበር ብዬ ጨመርኩ። ያ ካሴት ከታየ በወረቀት የተጠቀጠቀውን ያውቀዋልና። ያን ስነግረው ካሴቱን መሬት አስቀምጦ "የአያሌውም? የአያሌውም ጠፋ?" አለ። ከዚያ አለቀሰ። ከራሱ ይልቅ ለዚያኛው አለቀሰ። ያኔ ነበር እውነቱን የምናገርበት በር። አልከፈትኩትም።

ለአበራ "በቸልተኝነቴ ውሃ ወሰደው" ብሎ ጻፈለት። እኔ ነኝ ፖስታ ቤት የወሰድኩት።

ከዚያ ወረታ ተዛወርን። ስብስቡ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሁለት ሲዲ፣ ከትንሽ መጽሐፍ ጋር። አበራ በሰው ላከለት። እኛ ማጫወቻ ስለሌለን አንድ ደንበኛው የሆነ ሻይ ቤት ይዞት ሄደ፤ እኔንም ካልመጣሽ ብሎ ወሰደኝ። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። እውነቱን ልናገር፤ ለእኔ ለማይገባኝ እንኳ ልዩ ነበር። ልጅ ሆነው የጮኹት፣ ጎልምሰው የሠሩት፣ ሸምግለው ድምፃቸው የሻከረበት፣ ሁሉም ተከታትሎ ይመጣል። የአንድ ሰው ዕድሜ በአንድ ከሰዓት ሲያልፍ እንደማየት ነው። ከበሮው ለብቻው፣ ጊታሩ ለብቻው፣ ከሥር ያለውም ለብቻው ይሰማል።

ባለ ሻይ ቤቱ "መምህር፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ድሮም እንዲህ ይጮኹ ነበር?" አለው።

"ድሮማ ይብስ ነበር። አሁን ታጥበው ነው።"

ሰው ሳቀ። ሰይፉ ግን ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ የሌሎችን ቤዝ እየመቱ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረውን፣ ከእሱ በኋላ የመጡትን። "ስሚ፣ ስሚ፣ ይሄ ነው፤ አላልኩሽም? ይሰማል" ይለኛል። በሌሎች መሰማት እንደ ልጅ ይደሰታል። በሁለቱ ሲዲዎች ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት አለ፤ የእሱ ሁለት ዓመት የለም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ፎቶ ላይ ከዳር ቆሟል፤ ከሥሩ የዚህ ጊዜ ቅጂዎች አልተገኙም ይላል። ይህን ለባለ ሻይ ቤቱ አሳይቶ "ጥፋቱ የኔ ነው። ሚስቴ አንሣው ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም" አለው። ባለ ሻይ ቤቱ ወደ እኔ ዞሮ "ወንድ መች ይሰማል እትዬ" አለኝ። ፈገግ አልኩ። አዎ፣ ፈገግ አልኩ።

ይህን ታሪክ ከዚያ በኋላ ለስንት ሰው ተናገረው? ለእንግዳ፣ ለአዲስ መምህር፣ ለልጃችን። ሁልጊዜም እኔ አዋቂዋ ነኝ፤ እሱ ቸልተኛው። በራሱ ላይ እያፌዘ ነበር የሚናገረው፤ ሰው እንዲስቅለት። ተናግሮ ሲጨርስ ግን የሚመጣውን ዝምታ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሌላም አለ። አልቃሿ ሁለተኛውን ገጽ እስከ ጫፉ አልሞላችውም ነበር። እሷ ዝም ስትል ቴፑን አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ክር ላይ የሰይፉ ሁለተኛ ዘፈን መጨረሻ ቀርቷል፤ አንድ አባታችን ሆይ የሚደገምበት ያህል ጊዜ ነው። ይህን ያወቅኩት ከውሃው በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ እሱ ሊያስተምር በሄደበት አንድ ቀን ነው። ዘፋኙ ጨርሷል፤ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ያቆማሉ፤ በመጨረሻ ከሥር ያለው ብቻ ለብቻው ይሄዳል። ያ እሱ ነው። ተለይቶ ይሰማል። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የፈለገውን ነገር በሣጥኗ ይዛ ሳትሰጠው የኖረች ሴት ምን ትባላለች? እኔ ስም አላገኘሁላትም።

ሰይፉ ሲሞት አበራ ለለቅሶ ወረታ ድረስ መጣ። በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ሆኗል። ከሰው ነጥሎ አጠገቤ ተቀመጠና "እንደው እህቴ፣ ያን ስብስብ እንደገና ልናሳትመው ነው። ከዕቃው መሃል አንድ ደቂቃ እንኳ ብትገኝ፤ የዛሬው መሣሪያ ከምንም ውስጥ ያወጣል" አለኝ። ሰይፉ የለም። የምፈራው ፊት የለም። ከእንግዲህ ምን ምክንያት አለኝ? "ውሃ ነው የወሰደው ጋሽ አበራ" አልኩት። እንደገና። ባሌን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን።

አሁን ካሴቱን ከዚህ ጽሑፍ ጋር ልልክለት ነው። ይህን መልካም ሥራ ብሎ የሚቆጥርልኝ እንዳይኖር። መስጠት የነበረብኝ ሰው አይሰማም፤ ለሌላው መስጠት ዋጋ አያስከፍለኝም።

ዋናውን ወደ ኋላ ያቆየሁት መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ሰይፉ ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ ፀሐይ በመስኮቱ የገባችበት አንድ ረፋድ፣ ብቻችንን ነበርን። መናገር ያደክመው ነበር።

"ሙሉ፣ አንድ ነገር ይቅር በይኝ።"

"ምን አደረግከኝና?"

"የወንድምሽን ካሴት። የኔስ ይሁን፣ የራሴ ነው። የአያሌውን ሙሾ ግን አንቺ ዳግመኛ አልሰማሽውም። አንሣው ብለሽኝ ነበር። ይህ ሁልጊዜ እዚህ አለ" አለና ደረቱን ነካ።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ግን ዓይኖቹ እየጠበቁኝ ነበር፤ እኔም ከሁሉ የቀለለኝን አደረግኩ። "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።

ይህን ጽሑፍ ይቅር በሉኝ ብዬ ልጨርስ ነበር። አልችልም። ይቅርታ ማለት የበደለው ለተበደለው የሚለው ቃል ነበር፤ እኔ ገልብጬ ተናግሬዋለሁ፤ ሰውዬውም አምኖኝ ሞተ። ሐዘን ነው አትበሉልኝ፤ ልጅነት ነው አትበሉልኝ፤ ሰይጣን ነው አትበሉልኝ። እኔ ነኝ።

"ይቅር ብዬሃለሁ" ስለው ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ለቀቀው። እጄን ፈልጎ ያዘና ወደ ከንፈሩ ወስዶ ሳመው። አልከለከልኩትም።